በሩን የሚያሳየው ገመድ

ደሴ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እኅቴ ለዓይናዲስ፣

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጋሼ የሻምበልስ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ልጃችሁ መስከረም እዚህ እኔ ዘንድ ፈተናዋን ጨርሳ ውጤት እየጠበቀች ነው፤ ከትናንት ወዲያ ፀጉሯን ተሠርታ ስትመጣ አንቺን መስላ ደነገጥኩ። ደብዳቤሽን ሾፌሩ ዘመነ ዱቄት ሊጭን ሲመጣ ሱቄ ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ቃልሽን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አባታችን መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ፊደል ሲያስቆጥሩሽ እንደለመድሽው አሁንም «ዓ»ን ከሁሉ አስበልጠሽ ትጽፊያለሽ። ይህን ያነሣሁት ዋናውን ነገር ለመሸሽ ሳይሆን አይቀርም።

ደጅይጥኑ በገበያ ቀን ሰቆጣ ላይ ታየ ያልሽው እንቅልፍ ነሣኝ። ጋሼ ጋዝጊብላ ላይ በእርሻ ድንበር ጠብ የደጅይጥኑን ወንድም ምሳውን ስለገደሉ ፍርድ ቤት የጣለባቸውን ቅጣት ጨርሰው ነው የወጡት። እነ ደጅይጥኑ ግን እስር የመንግሥት ነው፣ ደም የዘመድ ነው የሚሉ ሰዎች ናቸው። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ልከን ሁለት ጊዜ በባዶ መመለሱን አንቺም ታውቂያለሽ። እርሻውን ጥላችሁ ከተማ የገባችሁት ለዚሁ ነው፤ አሁን ከተማ ድረስ ከመጣ የሚሸሽበት አልቀረም።

ወደ ጠየቅሽኝ ልመለስ። አዎ፣ ካሜራ የግቢው በር ላይ ተክሎ ምስሉን ቤት ውስጥ በቴሌቪዥኑ ማየት ይቻላል። እንጀራዬም እኮ ይኸው ነው፤ ሱቅና መጋዘን ላይ በየቀኑ የምሠራው ነው። የሚያስቸግረው ገመዱ ነው።

ገመድ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ መዳብ ነው። ምስሉንም ለካሜራው የሚያስፈልገውንም መብራት አንድ ላይ ያመላልሳል፤ ዋጋው ቀላል ነው፤ ቢበጠስ ጋሼ ራሳቸው ልጠው ሊቀጥሉት ይችላሉ። ነገር ግን ከቤታችሁ እስከ በሩ ያለው ቁልቁለት ለመዳብ ይረዝምበታል። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆራረጣል። በክረምት በሩ አካባቢ መብረቅ ቢወድቅ በመዳቡ ላይ ሄዶ ሳሎናችሁ ይገባል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ደግሞ መዳብ የሚሸጥ ነገር መሆኑ ነው፤ ቁርጥራጭ የሚገዛ ነጋዴ ባለበት አገር መዳብ ሜዳ ላይ ዘርግቶ መተኛት አይቻልም።

ሁለተኛው ፋይበር ይባላል። ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስታወት ነው፤ ምስሉን በብርሃን ነው የሚያደርሰው። ርቀት አያደክመውም፣ መብረቅ አይሄድበትም፣ ሌባም ቢቆርጠው ገዢ አያገኝለትም። ክፋቱ አለአግባብ ሲታጠፍ መሰበሩ ነው፤ ከተሰበረ ደግሞ ሰቆጣ ውስጥ የሚጠግነው የለም። ካሜራውም መብራት ከገመዱ ስለማያገኝ በሩ ላይ የራሱ ትንሽ ሶላር ይፈልጋል። የእኔን ምክር ካልሽ ፋይበር ይሁን።

ይህን ለጋሼ አንብቢላቸው፤ ቁጣቸውን አውቃለሁና ቀስ ብለሽ።

ወንድምሽ አንዷለም

—

ሰቆጣ፣ ግንቦት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርህ ወንድሜ ለአንዷለም፣

በያለህበት ሰላምታዬ ይድረስህ። እኔ ደኅና ነኝ፤ የናፍቆታችሁ ነገር ግን በደብዳቤ አያልቅም። መስከረምን ግንባሯን ሳምልኝ።

ደብዳቤህን እንዳልከኝ ቀስ ብዬ አነበብኩለት። የሻምበል እስከ መጨረሻው ሰምቶ ሳቀ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ መሳቁ ነው። «በመስታወት ላይ ነፍሴን አላንጠለጥልም» አለ። መዳቡን ከወልድያ አስመጣ። ራሱ የባሕር ዛፍ እንጨት በአጥሩ ሥር እያስከተለ ተክሎ፣ ገመዱን በእንጨቶቹ ላይ አስሮ ከበሩ እስከ ቤት አወጣው። ካሜራውንም እዚህ ከተማ ያለው ጓደኛህ እንዳሳየው ገጠመው። ምስሉ መጣ። በራችንን በቴሌቪዥን ሳየው የሌላ ሰው በር መሰለኝ።

እንዴት ነው የምትውሉት ብትለኝ፣ እንዲህ ነው። እሱ ከጧት ጀምሮ ክላሹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣል። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቷል። ሲደክመው እኔ እተካለሁ፤ ጥጤን እየፈተልኩ በሩን አያለሁ። ፍየል ያልፋል፣ እንጨት የተሸከመች ሴት ታልፋለች፣ ውሻ መጥቶ ይሸናል። ሰው ቆም ካለ ልቤ ይቆማል።

አንተው የፈራኸው አልቀረም፣ ምስሉ ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ይቆራረጣል። በተቆራረጠ ቁጥር የሻምበል ብድግ ይላል። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ወዲያና ወዲህ ሲያይ ምስሉ ተንቀጠቀጠና ጠፋ። የሻምበልን ላስቆመው ብዬ ክንዱን ስይዝ እኔን ገፍትሮ ወጣ። ሰውየውን በክላሹ ሰደፍ አገጩ ላይ መታው፤ አጥንቱ ሲሰበር ከኋላ እየሮጥኩ ሰማሁት። ለካ የእድሩ ለፋፊ ኖሯል፤ የጎረቤታችንን ሞት ሊነግረን ነው የመጣው። አፉ ደም ሞልቶ ሳለ እንኳ መርዶውን ተናግሮ ሄደ። ያን ቀን ቀብር የሄድኩት ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ነው።

የሻምበል ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። በሦስተኛው ቀን ግን ከቤቱ ጀርባ ወስዶ ጀሪካን አስቀምጦ አተኳኮስ አስተማረኝ። እኔ ብሞት በሩን ማን ያያል አለኝ። ትከሻዬ በልዟል። የመሪጌታ ልጅ ክላሽ አነሣች ብለህ አትፍረድብኝ፤ ለመስከረምም እንዳትነግራት።

እኅትህ ዓይናዲስ

—

ደሴ፣ ሰኔ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም፣

ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ። ጀርባዬን አሞኝ ነበር፤ ምክንያቱን ልንገርሽ።

ካሜራ የምተክልበት ሕንፃ ላይ አንድ ሰው የመብራት ሽቦ ከግድግዳ ሲነቅል ተያዘ። የቀን ሠራተኞቹ ናቸው የያዙት። ወደ መሬት ጥለው በብረት ዘንግ ይደበድቡት ጀመር። ጎልማሳ ሰው ነው፤ አንዴም አልጮኸም። ሽቦውን በሁለት እጁ እንደያዘ ነበር፤ ጣቶቹን እየረገጡ እንኳ አልለቀቀም። እኔ መሐል ስገባ አንዱ ዘንግ ጀርባዬ ላይ አረፈ። ሰውየውን በጋሪ ነው የወሰዱት። ኖረ ሞተ የነገረኝ የለም።

ያን ጊዜ ትዝ ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። አጥራችሁ ሥር መዳብ ተዘርግቷል። ከተማችሁ ደግሞ ከአበርገሌ የተፈናቀለ ሰው ሞልቷል፤ የተራበ ሰው ያየውን ይቆርጣል። እታለም፣ ምስሉ ሲጠፋ ጠላት መጣ ማለት አይደለም። ንፋስ ይሆናል፣ አይጥ ይሆናል፣ ሽቦ ሽጦ እራቱን ሊበላ የመጣ ሰው ይሆናል። ይህን ለጋሼ ደግመሽ ደጋግመሽ ንገሪያቸው። ጠመንጃውንም ከቴሌቪዥኑ ያርቁት።

ደስ ያለኝ ነገር ጋሼ መዳቡ እንደሰለቻቸውና ፋይበሩን እሺ እንዳሉ በዘመነ አፍ መላክሽ ነው። ዛሬውኑ ገዝቼዋለሁ። ፋይበሩን፣ ሁለቱ ጫፍ ላይ የሚገጠሙትን ትንንሽ ሣጥኖችና ሶላሩን በአንድ ጆንያ አድርጌ ከዘመነ ጋር እልካለሁ። መስታወት ነውና እንዳይወረውሩት፣ ከጋሼ እጅ በቀር ለማንም እንዳያስረክብ አዝዤዋለሁ፤ መናኸሪያ ድረስ መጥተው ይቀበሉት። እስክመጣ ድረስ እንዳትዘረጉት፤ ከፍልሰታ በፊት መጥቼ እኔው እገጥመዋለሁ።

መስከረም ከክፍሏ ሦስተኛ ወጥታለች።

አንዷለም

—

ሰቆጣ፣ ሐምሌ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

አንዷለም፣

ሰላምታዬ ቢያጥር ይቅር በለኝ።

የሻምበል ታስሯል። በራችን ላይ ሰው ሞተ። ደጅይጥኑ አይደለም። ከአበርገሌ ተፈናቅሎ መጥቶ እዚህ መጠለያ ውስጥ የሚኖር ሰው ነው፤ የካሜራውን ሽቦ ሲቆርጥ ነው። የሻምበል «የተኮስኩት እኔ ነኝ» ብሎ ለፖሊስ እጁን ሰጥቷል።

ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ። ለመስከረም አባቷ ታሟል በላት። አንተም እንዳትመጣ፤ አሁን ብትመጣ ምንም አትረዳኝም።

የላክኸው ደርሷል። ጆንያው እንደታሰረ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

እኔ ደኅና ነኝ።

ዓይናዲስ

—

ደሴ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም፣

አትጠይቀኝ ብለሻል። ልጠይቅሽ ሳይሆን የሰማሁትን ልነግርሽ ነው የምጽፈው።

ዘመነ ትናንት መጣ። ጆንያውን ለማን አስረከብክ አልኩት። ለጋሼ የሻምበል በእጃቸው አለኝ። ዝናቡ እስኪያባራ መናኸሪያው ውስጥ ካለች ሻይ ቤት አብረው ተቀምጠው ነበር። ጋሼ ጆንያውን እንደ ሕፃን እግራቸው መሐል አቁመው ስለ መስከረም ሲጠይቁት ነበር። ተኩሱ የተሰማው ያን ጊዜ ነው። ቆይቶ አንድ ሰው ሮጦ መጥቶ «በአንተ ቤት ነው» ሲላቸው ሻዩን ሳይጨርሱ ተነሥተው ሮጡ። ዘመነ ይህን ሲነግረኝ ዓይኔን አላየኝም። ሻይ ቤት የነበረው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ፖሊስ ካልጠየቀ ግን ማንም አይናገርም ብሎኛል።

በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ የነበርሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

ለማንም አልተነፈስኩም። አልፈርድብሽምም፤ እኔ በዚያ ቴሌቪዥን ፊት አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጥኩም። ግን ብቻሽን አትሸከሚው።

ስለ መስከረም ደግሞ ልደብቅሽ አልችልም። ሰፈራችን ያሉ የዋግ ልጆች ሰምተው ኖሮ አንዷ «የነፍሰ ገዳይ ልጅ» አለቻት። መስከረም ድንጋይ አንሥታ ቅንድቧን ፈነከተቻት፤ ቁስሉ ተሰፍቷል፣ እኔ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ማታ «አጎቴ፣ አባቴ እንደገና ገደለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ታሟል አልኳት። አላመነችኝም።

አንዷለም

—

ሰቆጣ፣ ነሐሴ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

አንዷለሜ፣

አዎ፣ እኔ ነኝ።

ይህችን ከጻፍኩ በኋላ ብዕሩን አስቀምጬ ወጥቼ ተመለስኩ። አሁን ሁሉንም ልንገርህ።

ያን ቀን ከቀትር በኋላ ዝናብ ጣለ። የሻምበል ጋቢውን ተከናንቦ ጆንያውን ሊቀበል ሲወጣ በሩን እያየሁ እንድቆይና ለማንም እንዳልከፍት አዘዘኝ። እንዝርቴን ይዤ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ምስሉ እንደ ልማዱ ይርገበገባል። አንድ ጊዜ ግን ድርግም ብሎ ጠቆረ፤ አልተመለሰም።

ቃልህ ትዝ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ንፋስ ይሆናል፣ አይጥ ይሆናል እያልኩ ተቀመጥኩ። ከዚያ የእንጨት መሰበር ሰማሁ። ሰውየው ገመዱን ሲስብ የሻምበል የተከላቸው እንጨቶች እየተከታተሉ ይወድቃሉ። ከበሩ ተነሥቶ ወደ ቤት፣ ወደ እኔ፣ እየቀረበ የሚመጣ ድምፅ ነው። የመጨረሻው እንጨት መስኮቱ ሥር ሲወድቅ ክላሹን አነሣሁ።

የቤቱን በር ስከፍት የሰውየውን ጀርባ ነው ያየሁት። ላስቲክ ተከናንቦ ጎንበስ ብሏል። ማነህ አልኩት። ዞረ። በእጁ ብረት ይዟል፤ እጁን ከፍ አድርጎ አንድ ነገር ተናገረ። ተኮስኩ። አንድ ጊዜ ብቻ የተኮስኩ መስሎኝ ነበር። ጣቴ አልላቀቅ አለኝ፤ የቆመው ጥይቱ ሲያልቅ ነው። ሆዱና ደረቱ ተበሳስቶ ጭቃው ላይ በጎኑ ወደቀ፤ ዝናቡ ደሙን እያጠበ ወደ በሩ ይወስደዋል። በእጁ የነበረው ፒንሳ ነው።

ያለውን ልንገርህ። በኽምጥኛ ነበር። በእናታችን ቋንቋ። «አትተኩሺ» ነበር ያለኝ። ጆሮዬ ሰምቶታል፤ ልቤ ላይ የደረሰው ግን ከወደቀ በኋላ ነው። አጠገቡ ተንበርክኬ በዚያው ቋንቋ ስጠራው ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ። ከዚያ ወዲያ አልቆየም።

የሻምበል ሮጦ ሲመጣ እዚያው ነበርኩ። ሰውየውን አየ፣ እኔን አየ። ክላሹን ከእጄ ወሰደ፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ ነው ያላቀቃቸው።

«የተኮስኩት እኔ ነኝ። አንቺ ቤት ውስጥ ነበርሽ» አለኝ።

«መናኸሪያ ሰው አይቶሃል» አልኩት።

«እኔ ከዚህ በፊት ገድያለሁ፤ ለማመን አይቸገሩም።»

ፖሊስ ሲመጣ እጁን ዘርግቶ ጠበቃቸው። እኔ ዝም አልኩ። ሰዎቹ የእኔን ዝምታ ድንጋጤ ነው አሉ።

የሟቹ ስም ትንሣኤ ነው። ቆላ ተከዜ አጠገብ ፍየል አርቢ ነበር፤ በጦርነቱ ፍየሎቹ ሁሉ አልቀውበት ነው ወደዚህ የመጣው። ይህን የነገረችኝ ሚስቱ ወለተ ገብርኤል ናት። ከቀብሩ በኋላ ልጇን አዝላ በራችን መጥታ ቆመች። ልትሰድበኝ መስሎኝ ነበር። ሽቦውን ስጡኝ አለችኝ። ሽጦ አንዲት እናት ፍየል ሊገዛ አስቦ ነበር አለች፤ የሞተበትን ነገር እኔ ልጨርስለት አለች። የተቆረጠውን ፖሊስ ወስዶታል። የቀረውን እኔና እሷ ከወደቁት እንጨቶች ላይ ፈትተን ጠቀለልነው። እኔ እፈታለሁ፣ እሷ ትጠቀልላለች። ስትጨርስ ጀርባዋ በልጁ ስለተያዘ ጭንቅላቷ ላይ አስቀመጥኩላት።

ከመሄዷ በፊት እንዲህ አለችኝ፦ «ባልሽ እጁን በመስጠቱ ደግ አደረገ። ወንድሞቼ ደም ብለው ተነሥተው ነበር፤ እኔ ተዉ አልኳቸው። ሁለተኛ ሬሣ ምን ያደርግልኛል?»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። «በሰላም ግቢ» አልኳት።

እስር ቤት ሄጄ እውነቱን ልናገር ስለው የሻምበል ተቆጣ። መስከረም ያለ አባት አድጋለች፣ ያለ እናት ማደግ የለባትም አለኝ። ምን ላድርግ? አንተ ንገረኝ።

ዓይናዲስ

—

ደሴ፣ መስከረም 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረሽ ብዬ መጀመር አፈርኩ።

ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። ምክሬ ይኸው ነው፦ ሂጂና ተናገሪ። ጋሼ በሁለተኛ ግድያ ከተፈረደባቸው ከዚያ ግቢ በሕይወት አይወጡም። አንቺ ግን ብቻሽን ቤት ውስጥ ሆነሽ ፈርተሽ ነው፤ ሕግ ይህን ያያል። ጠበቃ ጠይቄያለሁ፤ እሱም ይህንኑ ብሎኛል። ዘመነ ቃሉን ሊሰጥ ፈቅዷል፤ ላስገድደው ነው የሄድኩት፣ እሱ ግን ሳልጨርስ እሺ አለኝ።

ሌላም ምክንያት አለኝ። መስከረም አባቷን መጥላት ጀምራለች። ስማቸው ሲነሣ ከክፍል ትወጣለች። ባልሠሩት ነገር ልጃቸው እንድትጠላቸው ማድረግ አይገባንም።

እኅቴን እስር ቤት ግቢ ብዬ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። አንቺ ነሽ ያሳደግሽኝ። ይቅር በይኝ።

አንዷለም

—

ሰቆጣ ማረሚያ ቤት፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለአንዷለም፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ በጤናዬ ደኅና ነኝ። የላክህልኝ ብርድ ልብስ ደርሶኛል፤ ብርዱ በርትቷልና እግዚአብሔር ይስጥህ።

እውነት ነው ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። እውነት ነው። የሻምበል ሞቷል።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። እንዳልከኝ ሄጄ ተናገርኩ። መርማሪው መጀመሪያ ባሌን ለማዳን የምዋሽ መስሎት ነበር። ፒንሳው የቱ ላይ እንደወደቀ፣ ሰውየው ምን እንዳለ ስነግረው ማየቱን ትቶ መጻፍ ጀመረ። ዘመነም መጥቶ መሰከረ፤ እሱን አይተው ሻይ ቤት የነበሩት ሰዎችም ቀረቡ። የሻምበልን በጥቅምት ፈቱት። የእኔ ፍርድ ገና ነው።

ወለተ ገብርኤል እውነቱን በሰማች በማግስቱ መጣች። ጠያቂና እስረኛን በሚለየው አጥር ፊት ለፊት ቆማ አየችኝ። ከዚያ እጇን በአጥሩ መሐል አስገብታ በጥፊ መታችኝ። ቀለበቷ ከንፈሬን ሰነጠቀው። ጠባቂው ሊጎትታት ሲል ተዋት አልኩት። ደግማ መታችኝ። ሦስተኛውን ሳትመታ እጇ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔም ተቀመጥኩ። ስትነሣ «አብረሽኝ ሽቦ ስትፈቺ ምነው ዝም አልሽኝ?» አለች። ከንፈሬን በነጠላዬ ጠረግሁ። ልትሄድ ስትል ዞር ብላ፣ ወንድሞቿ እንደገና መነሣታቸውን፣ እሷም እንደገና ተዉ ማለቷን ነገረችኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። ብላኛለች ብዬ አልዋሽህም።

የሻምበል ከተፈታ በኋላ በየጠያቂ ቀኑ ይመጣ ነበር። ራሱ የጋገረውን ቂጣ ያመጣልኛል፤ ግማሹ ያረረ፣ ግማሹ ሊጥ። እየሳቅኩ እበላው ነበር። እውነቱን ስላወጣሁ አልተቆጣኝም። ካሜራውን ነቅሎ፣ ያንተንም ጆንያ ሳይፈታ ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ ነበር። በመጨረሻ የመጣ ቀን ሊሄድ ሲል አጥሩን ይዞ «አሁን በሩን ማን ያይልኛል?» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ፣ ጥጤን ላክልኝና ከዚህ ሆኜ አይልሃለሁ አልኩት። ፈገግ ብሎ ሄደ።

ቂጣውን ለጓደኞቼ እየቆረስኩ ሳለ ተኩስ ተሰማ። ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ አንድ ጊዜ። ተኩስ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ቀና ያለም የለም። እኔም የያዝኩትን ቆርሼ አደልኩ። የሻምበል ዳገቱን ሳይጨርስ ነው ጥይቱ ያገኘው፤ ደጅይጥኑ ድንጋይ ካብ ሥር ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር። ሁለቱ ጥይት ከኋላው ነው። ሦስተኛው ፊቱ ላይ ነው፤ ለዚህ ነው ሬሣውን እንዳታይ ብለው የከለከሉኝ። ደጅይጥኑ ጠመንጃውን አንግቶ ራሱ ፖሊስ ጣቢያ ገባ። «የወንድሜ የምሳው ደም ነው» ብሎ ቃሉን ሰጠ። አሁን ከግድግዳው ወዲያ፣ በወንዶቹ ግቢ ነው ያለው። አንዳንድ ቀን ስሙ ሲጠራ እሰማለሁ።

አንዷለሜ፣ አሁን የምጽፍልህን ደጋግመህ አንብበው። እኔ ነኝ ተናገሪ ያልኳት፣ እኔ ነኝ ያስገደልኩት ብለህ እንደምትብሰለሰል አውቃለሁ። የሻምበልን በሕይወት ያቆየው የእስር ቤቱ ግንብ መሆኑን አንተም አላሰብከውም፣ እኔም አላሰብኩትም፤ እሱ ግን ሳያውቀው አልቀረም። አውቆም ቂጣ እየጋገረ መጣ። ከዚህ ላይ አንተ የምትወስደው ጥፋት የለም፤ የእኔን ለእኔ ተወው።

ከቀብሩ በኋላ የባሌ ወንድም አሳምነው መጣ። ከጋዝጊብላ በእግሩ ነው የመጣው፤ ፀጉሩን ተላጭቷል፣ ዓይኑ ደም ለብሷል። የደጅይጥኑን ታናሽ ወንድም ሊገድል ቆርጧል። ጉዳዩን ጨርሶ ነው የመጣው፤ ከእኔ የፈለገው ፈቃድ ነው፣ የሟቹ ሚስት ነኝና። «አንድ ቃል ብቻ በይኝ» አለኝ።

ውስጤ አዎ በይው ይለኝ ነበር፤ ይህን ከአንተ አልደብቅም። ቂጣው ገና ጥርሴ ውስጥ እያለ ነው ባሌን የገደሉብኝ። ከዚያ ወለተ ገብርኤል ቆማበት የነበረውን ቦታ አየሁ፤ አሳምነው የቆመው እዚያው ላይ ነበር።

«ደም ይመለስ ካልክ ከእኔ ጀምር» አልኩት። «እኔም የሰው ደም አለብኝ። መጠለያው ሩቅ አይደለም፤ የወለተ ገብርኤልን ወንድሞች ጥራና በዚህ አጥር በኩል ይጨርሱኝ። እኔ ከሞትኩ በኋላ ወደ እነ ደጅይጥኑ ቤት ሂድ።»

«አንቺ ሌላ ነሽ። አንቺ ፈርተሽ ነው» አለኝ።

«ብፈራም ባልፈራም ትንሣኤ ያው ሞቷል» አልኩት።

መልስ ሳይሰጠኝ ወጣ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቀንም ሌሊትም ተኩስ በተሰማ ቁጥር ተነሥቼ እቆም ነበር። ትናንት ካህኑ ሊጠይቁኝ መጡ። አሳምነው ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቧል። የእነ ደጅይጥኑ አባት ድንጋይ ተሸክመው ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተንበርክከዋል፤ አሳምነውም ድንጋዩን ከትከሻቸው አውርዶላቸዋል። እኔም ደሙን መተዌን በካህኑ ቃል ልኬያለሁ። ሽማግሌዎቹ ለትንሣኤ ቤት የሚሆነውን ካሳ ከእርሻችን ላይ እንዲቆርጡ ፈቅጃለሁ፤ የጋዝጊብላው መሬት ለትንሣኤ ሚስትና ልጅ ይሁን ብያለሁ። ወለተ ገብርኤል ትቀበል አትቀበል እስካሁን አልሰማሁም።

አሁን የቀረው መስከረም ናት። አባቷ ታሟል ስንላት ከርመናል፤ ይብቃ። ከዚህ ጋር ያጠፍኩት ወረቀት የእሷ ነው። ሁሉንም ጽፌላታለሁ፤ አባቷ ያላደረገውን፣ እኔ ያደረግሁትን፣ እሱ እንዴት እንደሞተ። ከዚያ በኋላ ልምጣ ካለች አምጣት። አልመጣም ካለችም አትለምናት።

አንተ አታንብብላት፤ ራሷ ታንብበው። አጠገቧ ግን ተቀመጥ።

እኅትህ ዓይናዲስ